እቴ ሩቅያ ቆርጠው የወሰዱት

ሐሙስ ዕለት ከኮምቦልቻ ስልክ ተደወለልኝ። ደዋዩ እዚያ በየወሩ የሚወጣ የወጣቶች መጽሔት አዘጋጅ ነው።

«ፌቨን ነሽ? ግምገማሽን አንብበነዋል፤ ይወጣል። ደግሞ እሱ ብቻ አይደለም፤ ፈቃደኛ ከሆንሽ ከአሁን በኋላ በየወሩ አንድ ገጽ ያንቺ ነው» አለኝ።

ጮህኩ። እናቴ ግማሽ የተላጠ ድንች በእጇ እንደያዘች ከጓዳ ሮጣ ወጣች። «ማን ሞተ?» አለች። እኛ ቤት ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ የሚጮህ ሰው ካለ፣ ሰው ሞቷል ማለት ነው። «ማንም አልሞተም! ጸሐፊ ሆንኩ!» አልኳትና ከነድንቿ አቀፍኳት። አልጋ ላይ ወጥቼ ዘለልኩ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ያምርብኛል። ከዚያ ጫማዬን አጥልቄ፣ በሩን ሳልዘጋ፣ ወደ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ቁልቁል በረርኩ።

ግማሽ መንገድ ላይ ቆምኩ። ለካ ሰው ሞቷል። ይሄን ወሬ ልነግራቸው የምሮጥላቸው ሴትዮ ካረፉ ሦስተኛ ወራቸው ነው። ሱቃቸውም አሁን የስልክ መሸፈኛ ይሸጥበታል።

አዘጋጁ ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት አንድ ነገር ጠይቆኝ ነበር። «የላክሽልን የወረቀቱ ፎቶ መሃሉ ላይ ቀዳዳ አለው። አራት ማዕዘን፣ ሁለት ጣት የሚያህል፣ በመቀስ የተቆረጠ ነው የሚመስለው። እዚያ ጋ ምን ነበር? ጻፊልንና እንሙላው።»

«አይሞላም፤ እሱ የሰው ነው» አልኩት።

«የማን?»

«በመጀመሪያው ገጼ እነግርዎታለሁ።»

ይኸው፣ ገጼ ላይ ነኝ። አንባቢዎቼ! (ይሄን ቃል መጻፍ እንዴት ደስ ይላል!) ስለ እቴ ሩቅያ ልንገራችሁ።

እቴ ሩቅያ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ቧንቧ ውሃ የሠርግ ቀሚስ ያሰፋች ሴት ሁሉ ታውቃቸዋለች፤ ከቀሚሱ በላይ የምታስታውሰው ግን ምላሳቸውን ነው። አንዷን ሙሽራ መስታወት ፊት አቁመው ዙሪያዋን ከዞሯት በኋላ «ቀሚሱስ አምሯል። አንቺ ባትገቢበት ኖሮ ደግሞ እንዴት ባማረ!» ብለዋታል። ሙሽራይቱ አለቀሰች። እቴ ሩቅያ ፈጠን ብለው እንባዋ ሐሩ ላይ እንዳይንጠባጠብ አገጯ ስር ጨርቅ ያዙላት። ርኅራኄያቸው እስከዚያ ድረስ ነበር።

«ሐሜት ሐራም ነው። እኔ ሰው አላማም፤ ወላሂ አላማም። ያለኝን ፊቱ ላይ ነግሬው በሰላም እተኛለሁ» ይሉ ነበር።

የገዛ ፊታቸው ግን በግራ በኩል አይታዘዛቸውም። አንድ የክረምት ጠዋት ሲነሱ ግማሹ ተኝቶ ቀረ። ምች ነው የሚል ነበር፣ ነፋስ ነው የሚል ነበር፣ ዓይን ነው የሚልም ነበር። ሐኪም ጋ ሄዱ፣ ሸህ ጋ ሄዱ፣ አልተመለሰም። ስለዚህ ሲስቁ ከፊታቸው ምንም አይነበብም፤ ትከሻቸው ብቻ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። የማያውቃቸው ሰው የሚያለቅሱ ነው የሚመስለው። እና ከደሴ እስከ ሐርቡ ቢፈለግ ከእሳቸው በላይ ሳቅ የሚወድ፣ ከእሳቸው በላይ ለሳቅ የሚሰስት ሰው አይገኝም።

«እንቅልፍ ይቅር» የሚባለውን የኮሜዲ ፕሮግራም ታውቁታላችሁ፤ ያው ቅዳሜ እኩለ ሌሊት ላይ የሚተላለፈው፣ በአጫጭር ጭውውቶች የተሞላው። እኛ ቤት በዚያ ሰዓት ቴሌቪዥን መክፈት አባቴን ለጸሎት መቀስቀስ ነው። እቴ ሩቅያ ደግሞ ሶላታቸውን ሰግደው በጊዜ ነው የሚተኙት። ስለዚህ በነጋታው ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ ፍላሽ ላይ አስጭኜ፣ ከቸርች በቀጥታ ሱቃቸው እሄዳለሁ። መደርደሪያው ላይ፣ ከጨርቅ ጥቅሎች መሃል፣ አንዲት ትንሽ ቴሌቪዥን ነበረች።

«ፓስተራችሁ ዛሬ ስንት ስፒል አገኘ?» ይሉኛል ገና ከበሩ።

ስፒሉ እንዲህ ነው። በግራ እጃቸው አንጓ ላይ ቀይ ከፋይ የለበሰች ትንሽ ትራስ ታስራለች፤ ልብስ ሰፊዎች ስፒልና መርፌ የሚሰኩባት። ፕሮግራሙ ሲጀምር ትራሷን ባዶ ያደርጓታል። ከሆዳቸው ባሳቃቸው ነገር ሁሉ አንድ ስፒል ይሰካሉ። ሲያልቅ ይቆጠራል። አራት ስፒል ያገኘ ክፍል ታላቅ ነው። ዜሮም አለ፤ ዜሮ ብዙ ነው።

እኔ እዚያ ሱቅ የገባሁት የዩኒፎርም ቀሚሴን ላሳጥር ነበር፤ ሁለት ዓመት ሳልወጣ ቀረሁ። ሥራዬ የተበላሸ ስፌት መተርተር ነው። ሦስተኛው ቋሚ ተመልካች የጎረቤቱ የጨርቅ ነጋዴ ጋሽ ሳሌህ ነበሩ፤ ያው አያታቸው ከየመን መጥተው እዚሁ ደሴ ጨርቅ ዘርግተው የቀሩት። ጋሽ ሳሌህ ሁሉ ነገር ያስቃቸዋል። መግቢያ ሙዚቃው ላይ ይጀምራሉ።

«ሳሌህ፣ ገና ማስታወቂያ ነው» ይላሉ እቴ ሩቅያ።

«አውቃለሁ፤ ሳሙናውን አየሽው?»

«አንተ ሳቅህን ከየትም ነው የምታነሳው። ወድቆ የተገኘ ሳቅ ስፒል የለውም።»

ተዋናዮቹን አይምሯቸውም። መሪ ተዋናዩን «የዚህ ልጅ ፊት ለቀብር ነው የተፈጠረው፤ ለሳቅ ተውሶት ነው የመጣው» ይሉታል። መጨረሻው ያላማረ ጭውውት ሲያዩ «እጅጌ የሌለው ኮት ሰፍተው ብርድ የለም ይሉናል» ይላሉ። አንድ ጊዜ የገጠር ሰው ከተማ ገብቶ የሚቀለድበት ጭውውት መጣና እኔና ጋሽ ሳሌህ ሞትን በሳቅ። እቴ ሩቅያ ቴሌቪዥኑን አቆሙት።

«ይሄ ሰውዬ ከደሴ ዙሪያ ጎመን ተሸክሞ መጥቶ፣ እዚህ በርጩማ ላይ ቢቀመጥ ትስቂያለሽ?» አሉኝ።

«እንጃ» አልኩ።

«እንጃ ካልሽ ስፒሉ ይቆይ።»

በዚያ ሁሉ መሃል ነው መጻፍ የጀመርኩት። የመጀመሪያ ግምገማዬን በደብተር ገጽ በሁለት ቀለም ጽፌ አመጣሁላቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፤ «እንቅልፍ ይቅር እጅግ አስቂኝ፣ አዝናኝና አስተማሪ ፕሮግራም ነው» ብለው ጮክ ብለው አነበቡና ቀና አሉ።

«አስተማሪ? ምን አስተማረሽ? ድምር?»

ትልቁን የጨርቅ መቀስ አነሱ። ቀልድ መሰለኝ። የመጀመሪያውን መስመር ከዳር እስከ ዳር ቆረጡት፤ መሬት ላይ ከጨርቅ ቁርጥራጩ መሃል ወደቀ። ሁለተኛውን ቆረጡ። «ይሄን ሰምተሽ ነው የጻፍሽው» እያሉ፣ «ይሄን ደግሞ የክፍል አስተማሪሽ ነው የጻፈው» እያሉ ገጹን ሙሉ ቆረጡት። የቀረችው አንዲት ጭራ ናት። «ሰውየው ሲዋሽ እጁን ኪሱ ሊከት ሞከረ፤ ሱሪው ግን ኪስ አልነበረውም» ትላለች።

«ይቺን አይተሻል። ኪስ የሌለው ሱሪ! እኔ አይቻለሁ፣ አንቺ አይተሻል፣ ሌላ ያየ የለም» አሉና አንድ ስፒል ሰኩልኝ።

አልቅሼ ነው የወጣሁት። ጭራዋ ግን አሁንም ደብተሬ ውስጥ አለች። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ጽሑፌ በዚያ መቀስ ስር ያልፋል። ሁለት ገጽ ይዤ እገባለሁ፣ በሁለት ጣት የምትያዝ ይዤ እወጣለሁ። አንዳንድ እሁድ ባዶ እጄን እወጣለሁ። እንደዚህ አድርገው ነው ያሳደጉኝ፣ አላህ ይዘንላቸው። (አባቴ «እኛ እንዲህ አንልም» ይለኛል። ለእሳቸው እላለሁ።)

አሁን ወደ ክፉው ልግባ።

ባለፈው ዓመት አንድ እሁድ የፕሮግራሙ አቅራቢ «ከሰፈራችሁ አንድ የማይረሳ ሰው ጻፉልን። ምርጡን እኛ እንጫወተዋለን!» አለ። እቴ ሩቅያ «ሰው አልቆባቸዋል ማለት ነው» ብለው መርፌያቸውን ቀጠሉ። እኔ ግን ከበርጩማዬ ብድግ አልኩ። ሰው አለኛ! አጠገቤ ቁጭ ብለው ዚፕ እየሰፉ ነው!

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጻፍኩት። እንደዚያ ቀን ብዕሬ ሮጦልኝ አያውቅም። ስፒሉን ጻፍኩ። ሙሽራዋን ጻፍኩ። ጋሽ ሳሌህን ጻፍኩ። ከዚያ አፋቸውን ጻፍኩ። ከዚያም ማንም የማያውቀውን ነገር ጻፍኩ።

እቴ ሩቅያ ሻይ ሲጠጡ ሁልጊዜ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ግድግዳው ላይ ካላንደር ተሰቅሏል፤ ሰው ሁሉ ቀን የሚቆጥሩ ይመስለዋል፣ ለኔም ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ግን የደንበኛ መለኪያው መስታወት ዘንበል ብሎ ስለነበር በመስታወቱ ውስጥ አየኋቸው። ሻዩ በግራ ከንፈራቸው ጥግ ይፈሳል። ጠብታው አገጫቸው ሳይደርስ በሂጃባቸው ጫፍ ይቀልቡታል፤ እጃቸው ፈጣን ነው፣ ስንት ዓመት የሠለጠነ እጅ። አንዴም እንዳየሁ አላወቁም።

ያንን ጻፍኩት። ከጻፍኩ በኋላ ክፍሌን ቆልፌ መስታወት ፊት አፌን በግራ አጣምሜ ውሃ ጠጣሁ። አንገቴ ላይ ፈሰሰ፤ ብቻዬን እስኪያመኝ ሳቅሁ። ይሄን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ አይደለም። የሆነው ይሄ ስለሆነ ነው።

በቴሌግራም ላክሁት። መቀስ ያላየው ብቸኛ ጽሑፌ እሱ ነው። ድንገት ላስደስታቸው ፈልጌ ነው ብዬ ብነግራችሁ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ እንደሚቆርጡት አውቅ ስለነበር ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መልእክት መጣልኝ፤ ጽሑፍሽ ተመርጧል፣ ቅዳሜ ይተላለፋል የሚል። አበድኩ! ቧንቧ ውሃን ከላይ እስከ ታች ዞሬ ሰው ጠራሁ። «እሁድ ስምንት ሰዓት እቴ ሩቅያ ሱቅ ኑ፤ ድንገተኛ ነገር አለ» አልኩ። ቅዳሜ ማታ ራሴም አላየሁትም፤ ከእሳቸው ጋር እኩል ልየው ብዬ። እሁድ ዕለት አሥር ሰው ያህል መጣ፤ ደንበኞች፣ ጎረቤቶች፣ ሁለት የክፍሌ ልጆች።

«ይሄ ምንድን ነው? ሠርግ ነው ለቅሶ?» አሉ እቴ ሩቅያ ከሶላት ሲመለሱ።

«ፌቨን ናት የጠራችን፤ ድንገተኛ ነገር አለ ብላ» አሉ ጋሽ ሳሌህ።

«ከጴንጤ የሚጠበቅ ድንገተኛ ነገር የጌታ መምጣት ብቻ ነው። በሉ ቦታ ያዙ፤ ከመጣም በኛ በር ያልፋል።»

ሁሉ ሳቀ። ትራሷን ባዶ አደረጉ። ፍላሹን ሰካሁ።

መጀመሪያ የመጣው ጥሩ ነበር። ሁለት ዘበኞች አጥር የሌለው በር ይጠብቃሉ። ሰው ሁሉ በጎን ያልፋል፣ ማንም አይጠይቀውም፤ በበሩ የመጣውን አንድ ሽማግሌ ብቻ መታወቂያ ይሉታል፣ ይፈትሹታል፣ ነገ ተመለስ ይሉታል። ሽማግሌው ያመሰግንና በጎን ይገባል። እቴ ሩቅያ ሁለት ስፒል ሰኩ። ቀጥሎ ለአማቱ ለቅሶ ልምምድ የሚያደርግ ሰው መጣ፤ አማቱ ገና አልሞቱም፣ ቀልዱ ግን ሞቷል። ዜሮ።

ሦስተኛው ላይ «የቧንቧ ውሃዋ ልብስ ሰፊ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ሱቁ በጭብጨባ ተናጋ።

ያ ለቀብር የተፈጠረ ፊት ያለው ልጅ ነው የገባው። ሂጃብ አድርጓል፣ ደረቱ ላይ ሁለት ትራስ ከቷል፣ አፉን በፕላስተር ወደ ጆሮው ስቦ ለጥፎታል። ስፒል የለም። ሙሽራዋ አለች፤ ከእሳቸው ምላስ ግን አንድም ቃል የለም። ያለው አፉ ብቻ ነው። ይናገራል፣ ምራቁ ይፈናጠራል። ሻይ ይጠጣል፣ ሻዩ ሙሽራዋ ነጭ ቀሚስ ላይ ይንዠቀዠቃል። ይጠርጋል፣ ይብሳል። ስቱዲዮው ውስጥ ሰው ሲንከተከት ይሰማል።

እኛም ሳቅን። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሱቁ በሙሉ ነው የሳቀው። ጋሽ ሳሌህ ጉልበታቸውን እየመቱ «ራሷ! ወላሂ ራሷ ናት!» አሉ። አንዲት ደንበኛ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። እኔ ከሁሉም በላይ ሳቅሁ፤ ጽሑፌ ቴሌቪዥን ውስጥ ይንቀሳቀሳላ! ከዚያ አንድ ሰው ዘወር ብሎ እቴ ሩቅያን አየ። ከዚያ ሌላው። ሳቁ ከበሩ በኩል ጀምሮ እየጠፋ መጣ፣ መብራት እንደሚሄድ። መጨረሻ ላይ በትልቁ «ሐሳብ፦ ፌቨን ከደሴ» የሚል ወጣ፤ ያኔ ደግሞ ሁሉም እኔን አየኝ።

እቴ ሩቅያ ስፒል በእጃቸው ይዘው ነበር። አልሰኩትም።

«መልሺው» አሉኝ።

«እቴ ሩቅያ...»

«መልሺው ነው የምልሽ።»

መለስኩት። ያን ሁሉ እንደገና አየነው፤ ማንም አልሳቀም። አምስት ደቂቃ ያን ያህል እንደሚረዝም አላውቅም ነበር። ሲያልቅ እንደማንኛውም እሁድ ፍርዳቸውን ሰጡ።

«ልጁ ሥራውን አያውቅም። በግራ ነው የሚፈሰው፤ እሱ በቀኝ አፈሰሰው» አሉ።

ከፔርሙዙ ሻይ ቀዱ። ካላንደሩን ጀርባቸውን ሰጡት። ወንበራቸውን ወደ እኛ አዙረው ተቀመጡና ፊት ለፊታችን ጠጡ። ሻዩ በግራ በኩል ወረደ፣ አገጫቸው ላይ ቆመ፣ አንገታቸው ላይ ገባ። ሂጃባቸውን አልነኩትም።

«እንዲህ ነው» አሉ። «በሉ ሳቁ። ስፒል ይዣለሁ።»

ጋሽ ሳሌህ መሬት መሬቱን ያዩ ነበር። እቴ ሩቅያ ብርጭቆውን ጨረሱት፤ እስኪጨርሱ አንድም ሰው መውጣት አልቻለም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«የላክሽላቸውን አንብቢልኝ። እነሱ ያበላሹትን አይደለም፤ ያንቺን።»

ከስልኬ አነበብኩት፤ ያን ሁሉ ሰው ፊት። አፋቸውን፣ ምራቃቸውን፣ መስታወቱን። ድምፄ እንደሚጠፋ ሬዲዮ ይንሾካሾክ ነበር። «ጮክ በይ፤ ከበሩ ጋ ያሉት አልሰሙም» ይሉኛል። «ካላንደሩን የሚያነቡ ይመስላሉ፤ ካላንደሩ ግን ካለፈ ሦስት ዓመቱ ነው» የሚለው መስመር ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱ። አንድ ስፒል ሰኩ።

«ይቺን አይተሻል። ሌላው ይቆረጥ ነበር» አሉ። «ለምንድን ነው ያላመጣሽልኝ? ሁሉን ታመጪልኝ የለ? ይሄን ብቻ ለምን መቀሴ አላየውም?»

ፍላሹን ነቅዬ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አያቅታችሁም። ጭውውቱ ከስልክ ወደ ስልክ ሄደ። የሰፈር ልጆች አፋቸውን አጣመው በሱቁ በር ያልፋሉ። ቀሚስ ላሰፋ ብለው የሚገቡ ሴቶች ዓይናቸው ከሻይ ብርጭቆው ላይ አይነሳም። እቴ ሩቅያ ሁለት ወር ታገሡ፤ ከዚያ የስፌት መኪናቸውን አስጭነው ኮምቦልቻ እህታቸው እቴ ዘይነባ ጋ ወረዱ። እኔን ግን አልሰደቡኝም። የማልችለው እሱን ነበር፤ ያለውን ሁሉ ሰው ፊት ላይ የሚናገር ሰው ፊቴ ላይ ዝም ሲል።

አምስት ወር ፈጀብኝ፤ ያንን ክፍል ራሱን ለዚህ መጽሔት ብዬ ገመገምኩት። ዘበኞቹን አደነቅሁ፣ የአማቱን ለቅሶ ቀበርኩ፣ ሦስተኛው ላይ ስደርስ ጸሐፊዋን አልማርኳትም። መጨረሻው አካባቢ ይቅርታ ጻፍኩ። ወረቀቱን ይዤ በሚኒባስ የሐረጎን ተራራ ጠመዝማዛ መንገድ ወረድኩ። ኮምቦልቻ ስደርስ ሹራቤ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ነበር።

በሩን የከፈቱት እቴ ዘይነባ ናቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝና ወደ ውስጥ «ይቺ ናት?» አሉ።

«እሷ ናት። አስገቢያት፤ ሙቀቱ ይበቃታል» አለ ያ የማውቀው ድምፅ።

ከስተው ነበር። መኪናው መስኮቱ ስር ነው፣ ትራሷ አንጓቸው ላይ ናት። ወንበራቸው ግን ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቷል። ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉና መቀሱን አነሱ። ዓይኔን ጨፈንኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ቆረጡ። ዓይኔን ስገልጥ ገጹ ሙሉ ነበር፤ መሃሉ ላይ ብቻ ሁለት ጣት የሚያህል ቀዳዳ። ይቅርታው እጃቸው ውስጥ ነው።

«ይሄ ለማን ነው የተጻፈው?»

«ለእርስዎ።»

«እኔ መጽሔት አነባለሁ?»

«አያነቡም።»

«ታዲያ ስድቡን በቴሌቪዥን፣ ይቅርታውን በመጽሔት! እኔ በሁለቱ መሃል እዚህ ቁጭ ብዬ!» አሉና ቁራጯን አራት አጥፈው ብብታቸው ውስጥ ከተቱ። «ይሄ የኔ ነው። የቀረው ጥሩ ነው፤ ላኪው።»

«ይቅር ብለውኛል?»

«ሻይሽን ጠጪ።»

ፊት ለፊት ተቀምጠን ጠጣን። የእሳቸው በግራ ወረደ፤ ሲፈልጉ ነው የጠረጉት። ስወጣ እስከ በሩ ሸኙኝ። «እሁድ ሰው መጥራትሽን እንዳትተዪ። ደግመሽ ጥሪ» አሉኝ። «ግን የምትስቂበትን ሰው ቀድመሽ ጥሪው። ወንበር አስቀምጪለት። እሱ ተቀምጦ የሚያስቅሽ ከሆነ፣ ያኔ ስፒል ነው።»

ግምገማውን ለመላክ ግን እጄ እምቢ አለ። ቀዳዳዋን ባየሁ ቁጥር ይቅር አልተባልኩም ማለት ነው እላለሁ። እንደዚያ እያልኩ ክረምቱ አለፈ፣ እሳቸውም አለፉ። ከእናቴ ጋር ለቅሶ ስንደርስ እቴ ዘይነባ ለብቻዬ ጠርተው ትልቁን መቀስና ያቺን ቀይ ትራስ ሰጡኝ። አራት የታጠፈች ወረቀት ላይዋ ላይ ነበረች፤ መሃሏ ላይ አንድ ስፒል ተሰክቶባታል።

«ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም። አንቺ የሄድሽ ዕለት አውጥታ አነበበችውና ሰካችው። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቼ አለቀሰች ብዬ ደንግጬ ነበር» አሉኝ።

እኔ ግን ያ ትከሻ ምን እንደሚል አውቃለሁ። ወረቀቷን ፈታሁና አነበብኳት። ሙሉውን አልነግራችሁም፣ የእሳቸው ነው። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ፤ እንደ ቀበሌ ደብዳቤ ከጀመርኩት በኋላ፣ በታላቅ ትሕትና ምናምን ካልኩ በኋላ፣ መጨረሻው ላይ «ይህ ስህተት ለእኔ እጅግ አስተማሪ ነበር» የሚል ጽፌያለሁ።

አስተማሪ! ምን አስተማረሽ? ድምር?

በይቅርታዬ ሳቁብኝ! ለቅሶ ቤት መሃል፣ ሴቶቹ ዱአ ሲያደርጉ፣ አፌን በሁለት እጄ አፍኜ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። እየሳቅሁ ነበር፤ እያለቀስኩም ይሆናል፣ ትከሻ አይለይም። በማግስቱ ግምገማውን ከነቀዳዳው ፎቶ አንስቼ ላክሁ። በሦስተኛው ወር፣ ሐሙስ ዕለት ስልክ ተደወለ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ኑ። ዘወትር እሁድ ስምንት ሰዓት እኛ ቤት፤ ከቧንቧ ውሃ ወደ ላይ ሲወጡ ሰማያዊው በር። አባቴ ፈቅዷል፤ ሲጀመር ይጸልያል፣ አሳጥረው ብለነዋል። ጋሽ ሳሌህ ቴሌቪዥናቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ማስታወቂያ ላይ ከሳቁ አትከተሏቸው። ያ አፉን በፕላስተር የለጠፈው ተዋናይ ይሄን ካነበበ እሱም ይምጣ፤ ወንበሩን ከፊት አድርጌለታለሁ፣ ሻይ በየት በኩል እንደሚፈስ አሳየዋለሁ። ስለ ሰው የጻፋችሁ ካላችሁ፣ ጽሑፉንም ሰውየውንም ይዛችሁ ኑ። መቀሱ እኔ ጋ ነው ያለው።

አንድ አንድ ስፒል ያዙ። ሻይ ከኛ ነው። ወንበሮቹ ሁሉ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተዋል።